«አሰ»ን በ«ስለ» ሳይሆን በ«ታምሜ» አስተምሩት

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በአማርኛ የሚዘጋጁ የኮሪያኛ መማሪያዎች ምክንያት ገላጭ ቅጥያዎችን ሁሉ በአንድ ፍቺ ሲያልፏቸው ይታያል፦ «አሰ» ስለ፣ «ኒካ» ስለ፣ «ጊ ቴሙኔ» ስለ። ተማሪው ታዲያ በአማርኛ ልክ የሆነውን ይዞ በኮሪያኛ ይሳሳታል።

ችግሩ የሚጀምረው ከ«አሰ» ነው። የግሱ ሥር የመጨረሻ አናባቢ «አ» ወይም «ኦ» ከሆነ «አሰ»፣ ሌላ ከሆነ «ኧሰ»፣ በ«ሃዳ» (ማድረግ) ለሚያበቁት «ሄሰ» ይሆናል። ጠባዩ ከ«ስለ» ይልቅ ለእኛ ቦዝ አንቀጽ ይቀርባል። «ታምሜ ቀረሁ» የምንለውን ኮሪያውያን «አፓሰ ሞት ጋሰዮ» ይሉታል። «ታምሜ» ብቻውን ጊዜን አይነግረንም፤ ነገሩ ማለፉን የሚነግረን ማሰሪያው «ቀረሁ» ነው። «አሰ»ም እንዲሁ የኃላፊ ጊዜ ምልክት አይሸከምም። «ስለመጣ» ለማለት «ዋሰሰ» የሚል ተማሪ የሚስተው ይህንን ነው፤ «ዋሰ» ይበቃል።

ትእዛዝ ላይም ቦዙ ይመራናል። «ዝናብ ዘንቦ ጃንጥላ ይያዙ» ማንም አይልም፤ «ስለሚዘንብ ይያዙ» እንላለን። ኮሪያኛውም እዚህ ቦታ «ኒካ»ን ይፈልጋል፦ «ቢጋ ኦኒካ ኡሳንል ጋጀጋሴዮ»። ትእዛዝ፣ ልመና ወይም «እንሂድ» ዓይነት ግብዣ ከተከተለ «ኒካ» ነው፤ ኃላፊ ጊዜም ይቀበላል፦ «ዋስኒካ»። «ጂቤ ጋሰ ሽዊሴዮ» (ቤት ሄደው ይረፉ) ሕጉን አያፈርስም፤ እዚያ ያለው «አሰ» ቅደም ተከተል እንጂ ምክንያት አይደለም።

ቦዙ የማይረዳን ይቅርታ ላይ ነው። «ስለዘገየሁ ይቅርታ» ስለምንል ብዙዎች «ንጀስኒካ ሚያንሃምኒዳ» ይላሉ። «ኒካ» ምክንያቱን እንደ መከራከሪያ ያቀርባል፤ ይቅርታው ሰበብ መደርደር ይመስላል፣ ሰሚውንም ያስከፋል። ትክክሉ «ንጀሰ ሚያንሃምኒዳ» ነው። ምስጋናም በ«አሰ» ነው፦ «ዋ ጁወሰ ጎማፕስምኒዳ» (ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ)። ይህ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በቃል መያዝ አለበት።

«ቴሙኔ» ስም ላይ በቀጥታ፣ ግስ ላይ በ«ጊ» በኩል ይገባል። «ሃክሴንግ ቴሙኔ» በተማሪው ምክንያት ማለት ነው፤ «ሃክሴንግ ኢጊ ቴሙኔ» ግን ተማሪ ስለሆነ። ኃላፊ ጊዜ ይቀበላል፣ ትእዛዝ ግን አያስከትልም። መምህርን ለማመስገን «ሰንሴንግኒም ቴሙኔ» ማለት ወቀሳ ሊመስል ይችላል፤ ለበጎ ነገር «ደክቡኔ»፣ ለጥፋት «ታሴ» አለ።

ሌላው ምክንያት ገላጭ ቅጥያ «ንራጎ»ም በ«ስለ» መፈታት የለበትም። «ጃንራጎ ጀንኋርል ሞት ባዳሰዮ» ማለት «ተኝቼ ስልክ ሳላነሳ ቀረሁ» ነው። የሁለቱም ግስ ባለቤት አንድ መሆን አለበት፣ የመጀመሪያው ጊዜ የሚወስድ ድርጊት፣ ውጤቱም አብዛኛውን ጊዜ የቀረ ወይም የተበላሸ ነገር። «ዝናብ ዘንቦ ዘገየሁ» በ«ንራጎ» አይባልም፤ የዘነበው ዝናብ፣ የዘገየው ሰው ነውና።

ከአክብሮት ጋር