ቮልስና አይዲ ፎር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የድሮ መኪና ይሻላል አዲስ የሚለው ክርክር እኛ ቤትም አለ። አባቴ 1300 ቮልስ አለችው፤ ወንድሜ አምና አይዲ ፎር የምትባል የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ፣ ያው ቮልስዋገን ናት፣ ግን ቻይና የተሠራች። ሁለቱንም ነድቻለሁ።

የሚገርመው የሁለቱም ሞተር ከኋላ ነው፣ የሚገፋቸውም የኋላ ጎማ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን አይገናኙም። ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ ናት፤ ያቺኛዋ ከ2 ቶን በላይ። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ውሃ አፈላች ብሎ ጄሪካን ይዞ መሮጥ የለም። በእሷ 40 ፈረስ ጉልበት እንጦጦን ስንወጣ እግረኛ ይቀድመናል እያልን እንስቅ ነበር። አይዲ ፎር ወደ 200 ስላላት ዳገቱን ልብም አትለው፣ ድምፅም የላት።

ግን ቮልስ ብትቆም አባቴ ካንዴላዋን ፈትቶ፣ ጠርጎ ያስነሳታል። ወንድሜ ኮምፒውተር የያዘ ባለሙያ ይፈልጋል። ማታ ሰክቷት ይተኛል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ጠዋት የአባቱን ቁልፍ ይለምናል (ይሄን ለሰው አያወራም)።

በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ቮልሷን ሽጡልን የሚል በዝቷል። አባቴ እንደሆነ አይሸጥም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ