ስለ ከተማ ዳር ገበያ የምትሰጡት ምክር ቢታረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ለመንገደኞች ከምትለግሷቸው ምክሮች መካከል አንዱ ደጋግሞ ያስገርመኛል፤ ወደማያውቀው ከተማ የሄደ ሰው ገበያ ሲገባ የተጠራለትን ዋጋ በግማሽ ቆርጦ ክርክር ይጀምር የሚለው። ምክሩ ለመታሰቢያ ዕቃ መደብሮች ይሠራ ይሆናል። ከከተማ ወጣ ብለው በሚገኙት፣ ያገለገለ ዕቃና ከማሳ የመጣ ምርት ጎን ለጎን በሚሸጡባቸው ገበያዎች ግን ገዢውን ከሻጩ ጋር ያስተዛዝበዋል እንጂ አይጠቅመውም፤ በአንድ ሜዳ ላይ የተዘረጉት የሁለቱ ሸቀጦች ዋጋ የሚወጣበት መንገድ የተለያየ ነውና።

ሁለቱን አንድ ሜዳ ላይ ያገናኛቸው የቦታ ኪራይ ርካሽነት ነው። አምራቹ ጭነቱን ይዞ መሀል ከተማ ሳይገባ ይሸጣል፤ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመሀል ተገፍቶ የመጣ ነው። በፓሪስ የተጣለ ዕቃ እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች ከከተማዋ ቅጥር ውጪ ሳንቱዋን በተባለው ሥፍራ ሸቀጣቸውን ይዘረጉ ነበር፤ የዛሬው ዝነኛ ገበያም መነሻው እ.ኤ.አ. 1885 እንደሆነ ይቆጠራል። በፈረንሳይኛ «የቁንጫ ገበያ» መባሉ ከአሮጌ ልብስና ፍራሽ ጋር አብሮ ይመጣል ተብሎ ከሚታማው እንግዳ የተነሣ ነው ይባላል።

ከምርቱ ልጀምር። ቅጠላ ቅጠል የጫነ አምራች የሚሽቀዳደመው ከፀሐይ ጋር ነው። ጎህ ሲቀድ የደረሰው ምርት ጠዋት ላይ ምርጡ ስላልተነሣለት ዋጋው ይጠነክራል፤ ሻጩም ቀኑ ገና ነውና ለመቀነስ አይቸኩልም። ቀትር ካለፈ በኋላ፣ ቅጠሉ ሲጠወልግና የበሰለው ፍሬ ከላይ ያለው ተጭኖት ከሥር መለስለስ ሲጀምር፣ መልሶ ጭኖ መሄድ ሌላ ወጪ ስለሆነ ማንም ሳይከራከረው ራሱ ይቀንሳል፤ አልያም መዝኖ ካበቃ በኋላ አንድ እፍኝ ይመርቃል። ጠዋት ሚዛኑ ፊት ቆሞ «ግማሽ ካልሆነ» የሚል እንግዳ ከኋላው የተሰለፉትን የሠፈር ሰዎች ከማስቆም በቀር የሚያገኘው የለም።

ያገለገለ ዕቃ ግን አይጠወልግም። ዋጋውን የሚወስነው ከሻጭና ከገዢ ስለ ዕቃው ይበልጥ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ነው። ይህን የሚያውቁ ነጋዴዎች ሳይነጋ ባትሪ እያበሩ ይመጣሉ፤ ካርቶን ገና ከመኪና ሳይወርድ ጥሩ ጥሩውን ለቅመው፣ ረፋድ ላይ እዚያው ገበያ ውስጥ ጥቂት ጠረጴዛ አልፈው አትርፈው ይሸጡታል። አርፍዶ የደረሰ መንገደኛ የሚከራከረው እንግዲህ ከእነዚሁ ጋር ነው። ከምላስ ይልቅ ዓይንና ጣት ይጠቅሙታል፤ የካፖርቱን ገበር ገልብጦ ብብቱ ሥር ያለውን ስፌት ማየት፣ ዚፑን እስከ ጫፉ መሳብ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ሶኬት ላይ ሳይሰካ ገንዘብ አለማውጣት።

ይህን የምጽፈው ከጥፋቴ ተምሬ ነው። አንድ ጊዜ መሬት ላይ ከተነጠፈ ሸራ የጠረጴዛ ሰዓት አነሣሁ። ሻጩ አዛውንት መዳፋቸው ላይ አጋድመው ሞሉልኝ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማ ጀመር። ብዙ ተከራክሬ አስቀነስኩና በራሴ እየተኩራራሁ ማደሪያዬ ገባሁ። ጠረጴዛ ላይ ባቆመው ቀጥ አለ፤ በጀርባው ሳስተኛው መቁጠሩን ቀጠለ። አዛውንቱን አልወቅስም። «ይሠራል ወይ?» አልኳቸው እንጂ «ቆሞ ይሠራል ወይ?» አላልኳቸውም።

ድንበር ለሚሻገር መንገደኛ ደግሞ ከዋጋው የሚብሱ ጉዳዮች አሉ። ትኩስ ፍሬ በውስጡ የዝንብ እጭ ሊደብቅ ስለሚችል ብዙ አገሮች ከመግቢያ በር እንዲያልፍ አይፈቅዱም፤ እዚያው በልቶ መጨረስ ይሻላል። የተገዛ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ከሌላው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በፌስታል ታስሮ ይቆይ፤ ቤት ሲደረስ ጨርቁ ከቻለ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውኃ መታጠብ፣ ካልቻለ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ቢያንስ ለ4 ቀናት መቀመጥ ትኋንን ያጠፋል። ከቤተ አምልኮ ወይም ከመቃብር የወጣ የሚመስል ዕቃ ደግሞ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይነካ፤ የዩኔስኮ እ.ኤ.አ. የ1970 ስምምነት በሕገወጥ መንገድ ከአገር የወጣ ቅርስ ወደ መጣበት እንዲመለስ የሚያስችል ነው።

ስለዚህ ዓምዱ የግማሽ ዋጋውን ምክር ትቶ፣ ገበያው በየትኛው ቀን እንደሚቆም፣ ምርቱ በስንት ሰዓት እንደሚረክስና የመጨረሻው የመመለሻ አውቶቡስ መቼ እንደሚነሣ ቢጽፍልን እለምናለሁ። ብዙዎቹ እነዚህ ገበያዎች በየቀኑ የሚውሉ አይደሉም፤ በተሳሳተ ቀን የሄደ መንገደኛ የሚጠብቀው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ