እምዬ፣ ያ ወረቀት የእስር ወረቀት አይደለም

ለእምዬ፣ ለአባባና ለሁላችሁም። ሰላምታውን በስልክ እጨርሰዋለሁ፣ እታለም በላከችው ቮይስ እምዬ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ አደረች ስትል ሰምቼ ነው ከስራ እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ የምጽፈው።

እምዬ አልታሰርኩም። በማርያም ነው የምልሽ፣ ፖሊስም አልያዘኝም። እራት እየበላሁ የላክሁት ፎቶ ላይ ጠረጴዛው ጫፍ አንድ ወረቀት አለ አይደል፣ እሱ ላይ በእንግሊዝኛ ፋይን ይላል። ማሙዬ መጀመሪያ አይቶ "ፋይን ማለት ደህና ማለት ነው" ሲልሽ እልል አልሽ አሉ፣ ማግስቱን ደግሞ ትምህርት ቤት ጠይቆ "ቅጣት ነው ለካ" ብሎ ሲመጣ ለቅሶ ተቀመጥሽ። ማሙዬ፣ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ግን አልቆጣህም፣ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነህ።

እዚህ በረዶ ሲጥል መንገድ የሚጠርግ መኪና ስለሚመጣ በአንዳንድ መንገድ ዳር መኪና ማቆም ክልክል ነው፣ እኔ ደክሞኝ ገብቼ ምልክቱን ሳላይ አቆምኩ፣ ጠዋት መስታወቱ ላይ 45 ዶላር ክፈል የሚል ወረቀት አገኘሁ፣ ከፈልኩ፣ አለቀ።

አባባ፣ ይሄ ቃል ላንተ ነበር የሚሆነው። ዋሸራ የተማርከውን ቅኔ ማታ ማታ ምድጃ ዳር ስትነግረን ኅብር የምትለው ነገር ነበር፣ አንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ሲሸከም። ፋይን እንደዛ ነው። እንዴት ነህ ሲሉህ ፋይን ካልክ ደህና ነኝ ነው፣ ሰማዩ ብራ ሲሆንም ፋይን ይባላል፣ ፋይን ጎልድ ደግሞ ምንም ያልተቀላቀለበት ወርቅ ነው። ደህናውም ቅጣቱም የመጡት ፊኒስ ከሚል የላቲን ቃል ነው፣ መጨረሻ ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ተጣርቶ የተሰራ ነገር ጥሩ ተባለ፣ ድሮ እንግሊዝ አገር ደግሞ ጠብ ማብቂያ የሚከፈለውን ገንዘብ ፋይን አሉት፣ እኛ አገር ሽማግሌ ካሳ አስከፍሎ እንደሚያስታርቀው።

ዱቄት ሲሆን ደግሞ የላመ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ የዱቄት ከረጢት ላይ ያነበብኩት ቀን ዝም ብዬ ቆሜ ቀረሁ እምዬ። ዱቄቱን በሁለት ጣትሽ አሸት አሸት አድርገሽ "አልላመም፣ መልሰህ ውሰደው" ብለሽ ወደ ወፍጮ ቤት ስትመልሺኝ፣ እኔ አህያዋን እየነዳሁ መንገድ ለመንገድ ሳለቅስ... አሁን ያንን መንገድ በእግሬ ብሄድበት ምን ነበር እላለሁ። እንጀራ እዚህም አለ፣ እበላለሁ፣ አትስጊ፣ ያንቺ ቤት ሽታ ግን የለውም።

ማሙዬ ይቺን መስመር ለእምዬ ዝለልባት። አለቃዬ ቅዳሜም እሁድም ግባ ሲለኝ ፋይን እላለሁ፣ ያ ደግሞ እሺ ይሁን ነው፣ ከልብ ያልሆነ እሺ። ቃሉን በብዛት የምጠቀመው እንደዛ ነው። አንተ እንግሊዝኛህን በርታ።

እታለም፣ ከጥምቀት በኋላ ሰርግሽ ነው፣ "ወንድሜ ዶላሩን እንጂ እኛን ረስቷል" ማለትሽን ሰምቻለሁ። ንቄሽ አይደለም የቀረሁት፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀልኝም፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። አዝዬሽ ነው ያደግሽው፣ እንዴት ነው የምረሳሽ? ስትሞሸሪ ከቤት የሚያወጣሽ ወንድም ስላጣሽ እኔ ከማንም በላይ ነው የሚያመኝ። ባልሽ ጥሩ ልጅ ነው ብሎ አባባ መስክሮልኛል፣ ደስ ብሎኛል በጣም።

እምዬ የግፊት መድኃኒትሽን ነገር እውነቱን ንገሪኝ። ሲሻልሽ የምትተዪው ነገር አይደለም፣ ደህና ስትሆኚም ይዋጣል፣ ጨውም ቀንሺ። ለድግሱ 300 ዶላር ልኬያለሁ፣ ጤፉንና የጠላውን እህል ከዛ ግዙ፣ ከሱ ላይ መጀመሪያ መድኃኒቱ ይገዛ፣ ለሰርግ ብለሽ እሱን እንዳትቆጥቢ። ዱቄቱንም ሌሎቹ ይንፉት፣ አንቺ ጉልበትሽን አሳርፊ።

መንገዱ ሰላም ከሆነና ኔትወርክ ካለ ሙሽሮቹ ሲገቡ በቪዲዮ ደውሉልኝ፣ እዚህ ሌሊት ቢሆንም እነሳለሁ፣ ስልኩን መሶቡ ላይ አስደግፉትና ወደ እምዬ አዙሩት።