የነብርን ነገር ካነሳችሁ የመንዙንም አትርሱ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በሥነ ጽሑፍ ዓምዳችሁ ስለ እስያው ባለ መስመር ነብር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው የደከሙበት ሥራ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አላስተኛኝም። በእኛ አገር ነብር ከተረትና ከምሳሌ አልፎ የሥነ ጽሑፍ ባለ ታሪክ አልሆነም ይላሉ። ከተረት አልፎ? ተረት ታልፎ የሚሄድ ነገር ነው እንዴ? ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው ነው።

እኔ በመንዝ ተወልጄ፣ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ፣ አሁን በጡረታ መሐል ሜዳ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ከነብር ጋር በአንድ አገር መኖር ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ጓሳ ከከተማችን ሩቅ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምረው ያ ሣር የለበሰ ደጋ በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው ስሙ ወጥቷል፤ እነሱን ለማየት ሰው ከውጭ አገር ሳይቀር ይመጣል። ነብሩን ለማየት ብሎ የሚመጣ ግን የለም፤ ቢመጣም በቀላሉ አያገኘውም። እኛም የምናውቀው በዱካው፣ ሌሊቱን ውሻ ሲያለቃቅስ ባደረ ማግስት ደግሞ ከበረት በጎደለው በግ ነው። ጭላዳ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንጋውን ይዞ ወደ ገደሉ የሚወርደው ማንን ፈርቶ እንደሆነ የመንዝ እረኛ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል።

ጸሐፊው ስለ ዊልያም ብሌክ የጻፉትን ወድጄዋለሁ። እንግሊዛዊው ባለ ቅኔ የነብር ግጥሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1794 ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከእንግሊዝ ምድር አልወጣም፤ ነብር በዱር ሲሄድ አላየም። ቢሆንም በግን የፈጠረ እርሱ ነው ወይ አንተንም የፈጠረህ ብሎ አውሬውን ጠየቀው። ግጥሙ ከጥያቄ በቀር መልስ የለበትም። በጉ የተወሰደበት የመንዝ ባላገርም ማለዳ በረቱ ደጃፍ ቆሞ ይህንኑ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ግጥሙን ለክፍል ሳነብ ለተማሪዎቼ ማብራራት አላስፈለገኝም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኪፕሊንግም እ.ኤ.አ. በ1894 ባወጣው የጫካ ታሪኩ ሺር ካን የተባለውን ነብር ሲፈጥር ከልደቱ ጀምሮ አንድ እግሩን አንካሳ አድርጎታል። የወለደችው እናቱ ራሷ አንካሳው እያለች ትጠራዋለች፤ ከብት ብቻ የሚገድለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ትንሽ ዝርዝር ትመስላለች፤ ነገር ግን አውሬውን ያለፈ ሕይወት ያለው ፍጡር ያደረገችው እሷ ናት።

ጸሐፊው ያልነኩት የቦንቢቢ ታሪክ ግን ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል። ሱንዳርባንስ በሚባለው የሕንድና የባንግላዴሽ ረግረጋማ ደን፣ ማር ለመቁረጥና እንጨት ለመልቀም የሚገቡ ድሆች የሚተርኩት ነው። ዳክሺን ራይ የሚባል በነብር መልክ የሚመጣ የደን ጌታ አለ። ዱኬ የሚባል ድሃ ልጅ ደግሞ አለ፤ አጎቱ ማርና ሰም አገኛለሁ ብሎ ለነብሩ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ የደኑ ጠባቂ ቦንቢቢ ደርሳ ታድነዋለች። ሂንዱውም ሙስሊሙም ያከብራታል። በታሪኩ መጨረሻ ነብሩ አይገደልም። የእርሱና የሰው ድንበር ይለያል፤ ወደ ደኑ የሚገባም ሰው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይወስድ ይታዘዛል። ይህን ሳነብ የጓሳ ሣር መጠበቂያ የነበረው የቄሮ ሥርዓታችን ትዝ አለኝ። አባቶቻችን ሣሩ መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ ተከፍቶ እንደሚታጨድ እየወሰኑ ጓሳን 400 ዓመት ገደማ ጠብቀውታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎበታል። የሱንዳርባንስ ሰዎች ደንባቸውን ታሪክ አድርገው ለልጆቻቸው ነገሩ። እኛ ደንቡ ነበረን፤ ነብሩም ነበረን፤ ታሪኩን ነው ሳንጽፈው የቀረነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ነቢዩ ኤርምያስ ኢትዮጵያዊንና ነብርን በአንድ ቁጥር ጎን ለጎን አቁሟቸዋል፤ ያ መልኩን፣ ይህ ዝንጉርጉርነቱን ሊለውጥ ይችላልን እያለ። ኢሳይያስ ደግሞ ነብር ከፍየል ጠቦት ጋር ስለሚተኛበት ቀን ተናገረ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል የተሳለመ ሁሉ ስድሳ አንበሶችና ስድሳ ነብሮች እንደሚከተሏቸው ያውቃል፤ አራዊቱ ጻድቁ የረገጡትን ትቢያ ይልሳሉ። በልጅነቴ በወሩ 5ኛ ቀን እናቴን ተከትዬ ስሄድ ዓይኔ ከነብሮቹ ላይ አይነሣም ነበር። አንበሶቹ ከሩቅ አገር የመጡ ይመስሉኛል፤ ነብሮቹ ግን ከበላያችን ካለው ገደል ወርደው ግድግዳው ላይ የተቀመጡ ነበሩ። ይህ ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ በብራና ላይ የተጻፈ፣ በዜማ የተነበበ ጽሑፍ።

አያቴ ሱፍ እየፈተለች የምትተርክልን አንድ የነብር ተረት ነበር። ብዙ አንባቢም ያውቀዋል። የነብር ግልገል ከጎሬው ርቆ ሲሄድ ዝሆኖች ከሚግጡበት ይደርሳል። አንዱ ዝሆን ሳያየው ይረግጠውና ይገድለዋል። መርዶው ለአባቱ ይነገራል። አባት ያለቅሳል፣ ይጮሃል፤ «ማን ነው የገደለው? ንገሩኝና ደሙን ልመልስ!» ይላል። «ዝሆን ነው» ይሉታል። «ዝሆን?» «አዎን፣ ዝሆን።» ነብሩ ዝም ብሎ ጥቂት ያስባል። ከዚያም «የለም፣ ዝሆን አይደለም። ልጄን የገደሉት ፍየሎቹ ናቸው» ይልና ኮረብታው ላይ ወደሚግጡት ፍየሎች ወጥቶ ይፈጃቸዋል።

አያቴ «ዝሆን?» ከሚለው ላይ ስትደርስ እንዝርቷን ታቆም ነበር። እኛም እንተያያለን እንጂ አንናገርም። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ምክንያቱም የተረቱ ጥበብ ሁሉ ያለው ነብሩ በሚያስብባት በዚያች አፍታ ውስጥ ነው። አላዋቂ አይደለም፤ ማን እንደገደለበት ሰምቷል። ኀዘኑም የውሸት አይደለም፤ ልጁ ሞቶበታል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ እንባው እውነተኛ ሆኖ ፍርዱ ሐሰት ነው። እያዘነ ይፈራል፤ እየፈራ ራሱን ያሳምናል፤ ሲነሣ ፍየሎቹ ጥፋተኞች እንደሆኑ ሳያምን አልቀረም። ሺር ካን ክፉ ሆኖ ወደ ታሪኩ ገብቶ ክፉ እንደሆነ ይሞታል። የእኛ ነብር ግን በዓይናችን ፊት ከአባትነት ወደ ገዳይነት ይሸጋገራል። ደግሞም ልብ በሉ፤ ከፍየሎቹ አንዲቷ እንኳ ቃል አትናገርም። «እኛ ምን አደረግን?» የምትል የለችም። ተረቱን የፈጠሩት ሰዎች ከፍየሎቹ ወገን እንደነበሩ የምጠረጥረው በዚህ ዝምታ ነው። የሰውን ልብ በእነዚህ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ያህል የገለጠልኝ ረጅም ልብ ወለድ ብዙ አላገኘሁም። ይህ ነብር ባለ ታሪክ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ጸሐፊው እውነት ያላቸው በአንድ ነገር ነው። ከተረት ወደ ታተመው ልብ ወለድ ስንሻገር ነብሩን ከኋላ ትተነዋል። በማነባቸው መጻሕፍት የማገኘው ወይ ለምዱን ነው፣ ወይ «የነብርን ጅራት አይዙም፤ ከያዙም አይለቁም» የሚለውን ምሳሌ። ምክንያቱ አንበሳ ይመስለኛል። የእንጀራ ልጇን ፍቅር ለማግኘት ወደ አዋቂ ሄዳ የአንበሳ ጠጉር አምጪ የተባለችውን ሴት ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሥጋ እየወረወረች፣ በየቀኑ ጥቂት እየቀረበች አውሬውን አለመደችው። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር የዘመተባት ኮሪያም ይህንኑ ታሪክ ትተርካለች። እዚያ ሴትዮዋ የምትደክመው ከጦርነት ጠባዩ ተለውጦ ለተመለሰ ባሏ ነው፤ የምትቀርበውም ነብርን ነው። ኮሪያውያን በተራራቸው የሚኖረውን አውሬ ከታሪካቸው አላራቁትም። የአገራቸውን መሥራች ልደት በሚተርኩበት ጥንታዊ ታሪክ እንኳ ድብና ነብር ሰው ለመሆን ተመኝተው፣ ነጭ ሽንኩርትና መራራ ቅጠል ብቻ እየበሉ 100 ቀን የፀሐይ ብርሃን ሳያዩ በዋሻ እንዲቆዩ ይነገራቸዋል። ድቧ ጸንታ ሴት ሆነች። ነብሩ ጾሙን መጨረስ አቅቶት ወጣ። ሁዳዴን የሚያውቅ አንባቢ ያን ነብር ሊጠላው አይችልም። በእኛ ዘንድ ግን አንበሳ የዙፋን ምልክት ሆኖ ክብሩን ሁሉ ጠቀለለው። ለነብር የቀረለት ቆዳው ነው፤ ጀግና ትከሻ ላይ ወጣ፣ ተፎከረበት። ጥቁሩ ገሰላም የቁጣ መለኪያ ሆኖ ቀረ። እኛ ደጋ ላይ አንበሳ በሥዕል ነው የሚታየው። ጎረቤታችን ነብር ነው።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ተማሪዎቼን ነብሩ ራሱ ይናገር ብዬ ድርሰት አጽፌያቸው ነበር። አብዛኞቹ ጥርስና ጥፍር፣ ደምና ሥጋ ጻፉ። ከጓሳ ጥግ እየተመላለሰች የምትማር አንዲት ልጅ የጻፈችው ግን ሌላ ነው። ተራኪዋ እናት ነብር ናት። ጓሳ አጫጆች ማጭዳቸውን ሲስሉ ከሩቅ ትሰማለች። ግልገሎቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ ወደ ገደሉ ታሻግራለች። የመጨረሻውን ልትወስድ ስትመለስ እረኛ ልጅ ግልገሉ አጠገብ ቆሟል። ይተያያሉ። ልጁ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ እየሄደ ይርቃል፤ እሷም እስኪርቅ ትጠብቃለች። እኛ «ነብር አየኝ በል» የምንለውን ልጅቷ ለነብሯ አፍ ገለበጠችውና የድርሰቷን ርእስ «ሰው አየኝ» አለችው። ደብተሩን ይዤ ወደ መምህራን ክፍል ሄጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ያልተገረመ አልነበረም።

የእስያው ባለ መስመር ነብር በዱር የቀረው ከ6,000 በታች ነው። ዓለም በየዓመቱ ሐምሌ 22 ቀን ያስበዋል፤ ለዚህ የበቃው በታሪኮቹም ጭምር እንደሆነ አምናለሁ። የእኛም ነብር በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት ጋር ተመድቧል። በግ የተበላበትን ገበሬ ነብር ውደድ አልለውም፤ እኔም የበግ አርቢ ልጅ ነኝ፣ የአባቴን ፊት በዚያ ማለዳ አይቼዋለሁ። ደራስያኖቻችን ግን የገበሬውንም ማለዳ፣ የነብሩንም ሌሊት ይጻፉልን እላለሁ። ይምጡ፤ መንዝ ሩቅ አይደለም።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። በልጆች ዓምዳችሁ የሰሜን ሸዋ የነብር ተረቶች ከአዛውንት አፍ ተሰብስበው ይውጡ፤ ተረቱ የተሰማበት ቀበሌም ይጻፍ። የአንኮበርና የወፍ ዋሻ ሰው የሚያወራው ከእኛው ይለያል። እነሱ ነብርን የሚያውቁት በጥድና በኮሶ ዛፍ ጥላ ነው፤ እኛ በዓለት ስንጥቅ። ወደ ቆላው ወደ ቀወት የወረደ ሰው ደግሞ ስለ በግ ሳይሆን ስለ ፍየል ይሰማል። ሥዕል ስታደርጉበትም አደራ፣ ለመንዝ ተረት የእስያውን ባለ መስመር አትሳሉ፤ የእኛው ነጠብጣብ ነው። የተማሪዬን ድርሰት ቅጂ፣ አሁን የራሷን ልጆች የምታሳድገውን ጸሐፊዋን ፈቃዷን ጠይቄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። አንዳችም ቃል ሳታርሙ አትሙላት፤ ስሟንም እንዴት እንዲጻፍ እንደምትፈልግ ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእጇ ጽፋዋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የአማርኛ መምህር
መሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ