ማታ የት ታድሪያለሽ?

ሱሉልታ፣ ሐምሌ

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሽልኛል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ክረምቱ በርትቷል፤ መስኩ ውሃ ቋጥሯል፣ እናትሽም ጭቃውን ተጠይፋ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አትወጣም። የላክሽልንን የተራሮች ዝርዝር ወንድምሽ ጮክ ብሎ አነበበልን፤ በኋላ መነጽሬን አድርጌ ለብቻዬ ደገምኩት። ኪሊማንጃሮ፣ የኤቨረስት ግርጌ፣ የኢንካ መንገድ፣ የሞን ብላን ዙሪያ፣ ፓታጎኒያ። ከእያንዳንዱ ጎን የጫፉን ከፍታ ጽፈሽ «አባባ፣ የትኛውን ላስቀድም?» ብለሻል። የጻፍሽው ቀን የምትረግጪውን ቦታ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ማታ የት እንደምታድሪ ነው።

በሰሜን ተራሮች ለተጓዦች ምግብ ሳበስል ዕድሜዬን እንደጨረስኩ ታውቂያለሽ። አስጎብኚው ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ ያወራል፣ ባለ በቅሎው በጭነቱ ይጨቃጨቃል፤ ምግብ አብሳይ ግን ሳህን ያያል። ከፍታ የሚጥለው ሰው መጀመሪያ የሚጠላው እህል ነው። ከሁሉም ቀድሞ ካምፕ የደረሰው ጎረምሳ ሾርባውን ሳይነካ ሲመልሰው ሌሊቱን ራሱን ይዞ እንደሚያድር አውቅ ነበር፤ ጎረምሳው ራሱ ገና አላወቀውም። ጉልበተኛ መሆን ከዚህ አያድንም፤ እንዲያውም ፈጣን ሰው ከሰውነቱ ቀድሞ ይደርስና ይወድቃል።

ሕጉ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኚ የዛሬው ማደሪያሽ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ በየሦስት በየአራት ቀኑ ደግሞ አንድ ሌሊት እዚያው ድገሚ። ቀን ከዚያ በላይ ወጥተሽ ብትመለሺ ችግር የለውም። የእኛ መንገድ ይህን የጠበቀ ነው፦ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሳንቃበር ወደ 3,200፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅም ያው 3,600 ገደማ። ከጨነቅ ተነሥተሽ ከ4,400 ሜትር በላይ ያለውን ቧሂትን ረግጠሽ፣ ማታ ወርደሽ ትተኛለሽ። ሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ለገደሉና ለአራዊቱ ነው፤ እኔን ብትጠይቂኝ ለማደሪያዎቹ አቀማመጥም ይገባው ነበር። መንገዱ ሰላም ሲሆን አብረን እንሄዳለን፤ አሁን ግን አልልሽም።

«የሱሉልታ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል» ማለትሽን ወንድምሽ እየሳቀ ነው ያነበበው። ቤታችን ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ ሯጮቹም ጠዋት ጠዋት ይህን መስክ የሚያጨናንቁት ለዚሁ ብለው ነው። የአንቺ ደም ግን አድራሻውን ቀይሯል። አሁን የምትኖሪባት የሆላንዷ ሮተርዳም ከባሕር ጠለል በታች የሆኑ ሰፈሮች ያሏት ከተማ ናት። እዚህ የለመድሽው በሳምንታት ውስጥ ይለቅሻል፤ አንቺ ከሄድሽ ደግሞ ዓመታት አለፉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ሞን ብላን ሂጂ። በባቡር የምትደርሺበት ቅርብ ቦታ ነው። ጫፉን ሳትወጪ ዙሪያውን ትዞሪዋለሽ፤ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን ያዳርስሻል። ከፍተኛው መተላለፊያ 2,665 ሜትር ነው። አየሽ፣ ከእንጦጦ ጫፍ ቀርቶ ከእኛ ግቢም አይበልጥም! ስለዚህ ሳንባሽን አይፈትንም፤ የሚፈትነው ጉልበትሽን ነው፤ የዳገቱ ድምር 10,000 ሜትር ይደርሳል፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ቁልቁለት አለ። ዳገት የሚያደክም ቢሆንም ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለት ነውና ምርኩዝ ያዢ። ወቅቱ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ መጀመሪያው ላይ መተላለፊያዎቹ በረዶ ሊኖራቸው ይችላል። ማደሪያ ቤቶቹ ቶሎ ስለሚሞሉ አስቀድመሽ ያዢ።

የፔሩው የኢንካ መንገድ በቁጥሩ አያስፈራሽ። 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአራት ቀን ይጠናቀቃል። አንድ ክፉ መተላለፊያ አለው፣ 4,215 ሜትር። ማቹ ፒቹ ራሱ፣ በፎቶው ላይ ከደመና በላይ የተሰቀለ የሚመስለው ከተማ፣ 2,430 ሜትር ላይ ነው፤ ከቤታችን ዝቅ ይላል ብላት እናትሽ አላመነችኝም። አደጋው ያለው ከጉዞው በፊት ነው። ተጓዡ ከባሕር ዳርቻ በአውሮፕላን ተነሥቶ 3,400 ሜትር ያላት ኩስኮ ላይ ይወርዳል፤ በማግስቱ መንገድ ከጀመረ ታሞ ነው የሚሄደው። እዚያ ሁለት ሦስት ሌሊት እደሪ። በቀን የሚፈቀደው ተሸካሚዎችን ጨምሮ ለ500 ሰው ብቻ ስለሆነ ፈቃዱ ከወራት በፊት ያልቃል፤ በየካቲት ወር በፈረንጆቹ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል።

በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ያለው የፓታጎኒያ መንገድ ያን ያህል ከፍታ የለውም፣ ነፋስ አለው። እዚያ ቺሊ ውስጥ ባለው የቶረስ ዴል ፓይኔ ፓርክ በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ ጎብኚ ባልተፈቀደ ቦታ የለኮሳት የማብሰያ ምድጃ ተገልብጣ ከ10,000 ሄክታር በላይ ተቃጥሏል። አብሳይ ነኝና ይህን አልረሳውም። ምድጃ በተፈቀደበት ብቻ፣ ከነፋስ ከልለሽ።

ወደ ኤቨረስት ግርጌ መሄድሽን እናትሽ «ጫፉን ላትወጣው ይህን ሁሉ መንገድ?» ትላለች። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ከኔፓሏ ሉክላ 2,860 ሜትር ትነሺያለሽ፤ ናምቼ 3,440 ላይ ሁለት ሌሊት፣ ዲንግቦቼ 4,410 ላይ ሌላ ሁለት ሌሊት ታድሪያለሽ፤ ከዚያ ቀስ እያልሽ 5,364 ሜትር። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ገደማ ነው። ሁለት ሳምንት የሚፈጀው በርቀቱ ምክንያት አይደለም፤ ሰውነት እስኪለምድ ነው። በአሥር ቀን አድርሼ እመልስሻለሁ የሚልሽን አስጎብኚ አመስግነሽ ተለዪው። ወሩ ጥሩ ነው ብለሽም አትዘናጊ፦ በዚያው በኔፓል ባለው አናፑርና በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ.፣ በተመረጠው ወቅት፣ የበረዶ ማዕበል መጥቶ ከ40 ሰው በላይ ሞቷል።

አሁን ወደ ኪሊማንጃሮ ልምጣ፤ ልብሽ ያለው እዚያ መሆኑን አውቃለሁ። 5,895 ሜትር ሆኖ ገመድ የማይጠይቅ ተራራ በመሆኑ ሰው ይንቀዋል። ርካሹ የማራንጉ መንገድ ነው፤ በአምስት ቀን ይሸጡታል። የመጀመሪያው ማደሪያ ማንዳራ 2,720 ሜትር ነው፣ ማለትም የእኛ ሳሎን። ሁለተኛው ሆሮምቦ 3,720፣ ሦስተኛው ኪቦ 4,700 ገደማ። በየሌሊቱ አንድ ሺሕ ሜትር! ከኪቦ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ቀስቅሰው ወደ ጫፉ ያስነሡሻል። በዚህ መንገድ ከሄድሽ ሆሮምቦ ላይ አንድ ሌሊት አስጨምሪ። ከተቻለሽ ግን ሌሞሾን ምረጪ፤ ሰባት ስምንት ቀን ነው፤ በአንደኛው ቀን ላቫ ታወር ወደሚባለው 4,600 ሜትር ወጥተሽ ከ4,000 በታች ወርደሽ ታድሪያለሽ። ውድ ነው፤ ግን የሚያስከፍልሽ ለሌሊቶቹ ነው።

ተሸካሚዎቹም የት እንደሚያድሩ ጠይቂ። በኪሊማንጃሮም በኢንካ መንገድም አንድ ሰው ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ሕግ አለ፤ ሲመዘን ሚዛኑ አጠገብ ቁሚና እዪ። ምን ይበላሉ፣ ብርድ ልብስ አላቸው ወይ? ርካሽ ጉዞ ርካሽ የሚሆነው በአንድ ሰው ወገብ ላይ ነው፤ እኔ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ነው የበላሁት።

ስለ ምግብ ደግሞ ይህን ያዢ። በግጭ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሽምብራ ቀኑን ሙሉ ብታፈዪው ጥርስ ይሰብራል። ምስር ክክ፣ ፓስታ፣ ሽሮ ይዘሽ ሂጂ። ባይርብሽም ብዪ። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን አትንኪ። ዲያሞክስ የሚባለውን መድኃኒት ሐኪም ካዘዘልሽ ውሰጂ፤ ሕመም መደበቂያ ግን አታድርጊው። ራስ ምታት ካለሽ እዚያው ቆዪ። ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ ወይም ተቀምጠሽ ትንፋሽ ካጠረሽ ሌሊትም ቢሆን ውረጂ፤ ሌላ ፈውስ አትጠብቂ።

እንግዲህ በዘንድሮው የፈረንጆች በጋ ሞን ብላን ይሁንልሽ። ለኪሊማንጃሮ ጥሩ ከሚባሉት ወራት አንዱ ጥር ነውና ትኬቱን በአዲስ አበባ በኩል ቁረጪው፤ ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ። ለገና ነዪ፣ ጥምቀትን ከእኛ ጋር ዋዪ፣ ከዚያ ሂጂ። እነዚያን ሳምንታት በ2,700 ሜትር መተኛት በገንዘብ የማይገዛ ዝግጅት ነው። ጫማሽን እንጦጦ ላይ ታለማምጂዋለሽ፤ ቀጥሎ በመናገሻ ሱባ ጥድ ውስጥ አልፈን ወጨጫን እንወጣለን፣ 3,385 ሜትር ነው። ጉልበቴ እሺ ካለኝ እስከ ጫፉ፣ ካላለኝ ደን ውስጥ ቡና አፍልቼ እጠብቅሻለሁ። ወንድምሽ የፊት ክፍሉን ይለቅልሻል፤ እስካሁን ግን አልነገርኩትም፣ አንቺም ቀኑን ሳትቆርጪ እንዳትነግሪው።

አባትሽ