ሒሳቡን አንብቡልን

ክቡር አዘጋጅ፦

ጋዜጣችሁን ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። ስለ ፌዴራል መንግሥት ብዙ ትጽፋላችሁ፣ ስለ ክልልም እንደዚያው። ስለ ቀበሌ ግን ከስንት አንዴ ነው። ለኛ ለገጠር ሰዎች ደግሞ መንግሥት ማለት መጀመሪያ ቀበሌ ነው። መታወቂያ የምናወጣው እዚያ ነው፣ የመሬት ክርክር የሚጀምረው እዚያ ነው፣ የማዳበሪያ ፍላጎት የሚመዘገበው እዚያ ነው፣ ሴፍቲኔት ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚባለውም እዚያው ነው።

የምጽፈው ከደቡብ ወሎ ነው። ቀበሌያችንን በስም አልጠራም። ስም ከተጠራ ነገሩ የሁለት ሰው ጠብ ተደርጎ ይወሰዳል፣ እኔ ደግሞ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም። ከአጎራባች ቀበሌዎች የምሰማውም ከኛው ብዙ አይለይም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ቀበሌው ከኛ የሰበሰበውን ገንዘብ ሒሳቡን ለምን በሕዝብ ፊት አያነብልንም?

መዋጮ በኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ለትምህርት ቤት ክፍል፣ ለመንገድ፣ ለውኃ፣ ለጤና ኬላ እድሳት ሰው ሲከፍል ኖሯል። ገንዘብ ያጠረው እህል ይሰጣል፣ እህል ያነሰው ጉልበቱን ይሰጣል። ድንጋይ እናቀርባለን፣ አሸዋ እናወጣለን። ከጥር ጀምሮ ተራራ ላይ እርከን ሲሠራ የሚውለው ማን ሆነና! ስለዚህ መክፈል አልከፋንም። የከፋን የከፈልነው የት እንደገባ አለማወቃችን ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። ለምንጭ ማጎልበቻ ተብሎ ከየአባወራውና ከየእማወራው ገንዘብ ተሰበሰበ። ጎጥ ለጎጥ እየዞረ የሰበሰበው ልጅ ስማችንን ደብተር ላይ ጻፈ፣ ደረሰኝ ግን አልሰጠም። ይሁን አልን፣ ልጁን እናውቀዋለን፣ የጎረቤት ልጅ ነው። ቧንቧው ተዘረጋ፣ ቦኖው ላይ ውኃ መጣ፣ እናቶች እልል አሉ። ከዚያ ክረምት ገባና ጎርፍ መስመሩን በጠሰው። ውኃው ቆመ። አሁን ለጥገና እንደገና አዋጡ ተባልን፣ ሴቶቹም እስከዚያው ወደ ወንዝ ተመልሰዋል፣ ጀሪካን አዝለው ዳገት ይወጣሉ። በስብሰባው ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው “የፊተኛው አልቆ ነው ወይስ የተረፈ አለ? እሱን ንገሩንና እንከፍላለን” አሉ። የተሰጣቸው መልስ “አባባ፣ ልማት አያደናቅፉ” የሚል ነበር። እኚህ ሰው ለዚያው ምንጭ ቦይ ሲቆፍሩ የዋሉ ሰው ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ከሳቸው በኋላ እጁን ያወጣ ሰው የለም።

እኔን የሚያሳዝነኝ ገንዘቡ ተበልቷል ብዬ ስለማምን አይደለም። አልተበላም ይሆናል። ቧንቧ ውድ ነው፣ መገጣጠሚያው ውድ ነው፣ የጭነት መኪና ኪራዩም ቀላል አይደለም። ምናልባት ሒሳቡ ቢነበብ እንዲያውም ጎድሎ ይገኝና ተመራጮቹ ከኪሳቸው የጨመሩት ይወጣ ይሆናል። ባለመነበቡ ግን ንጹሑም ሰው አብሮ ይታማል። ቡና ላይ ስሙ ይነሳል፣ ገበያ ላይ ስሙ ይነሳል፣ ልጆቹም ይሰሙታል።

ሒሳብ ማንበብ ከባድ ነገር ቢሆን ኖሮ ዝም በተባለ። ግን በኛ በወሎ ቅሬ አለ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ያልመጣ ይቀጣል፣ የተቀጣውም ይጻፋል። ሒሳብ ሲደረግ ደግሞ አባላቱ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጡና ጸሐፊው ከመዝገቡ ያነባል፤ ይህን ያህል ገባ፣ ለድንኳን ይህን ያህል ወጣ፣ ለሰሃንና ለድስት ይህን ያህል፣ ቀሪው በእገሌ እጅ አለ። ፊደል ያልቆጠሩት ሽማግሌዎች ሁሉን በጆሯቸው ይዘውት ነው የሚመጡት። “ባለፈው ጊዜ እንዲህ ብለህ አልነበር?” ብለው ያስቆሙታል። ጸሐፊው አይቆጣም፣ ገጹን ገልጦ መልሶ ያነብላቸዋል። ሼኪውም ቄሱም እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የቅሬው ጸሐፊና የቀበሌው ምክር ቤት አባል ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ያው ሰው፣ ያው እጅ፣ ያው ብዕር። ቅሬ ላይ እስከ ሳንቲሟ የሚያነብ ሰው ቀበሌ ሲገባ ምን ይይዘዋል?

ለኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው። ቅሬ ላይ የሾምነው እኛ ነን፣ ከፈለግንም የምናወርደው እኛ ነን። ቀበሌ ላይ ግን ቀና ብሎ የሚያየው ወረዳውን ነው። ሪፖርት የሚጽፈው ለወረዳ ነው፣ የሚገመገመው በወረዳ ነው፣ አጀንዳውም ተጽፎ የሚመጣለት ከወረዳ ነው። እኛ የምንፈለገው ለጭብጨባና ለመዋጮ ነው።

ይህ ደግሞ ምክንያት አለው። በአገራችን የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን 5 ዓመት ነበር። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ምርጫ ተራዘመ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ድምፅ ስንሰጥ የሰጠነው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ነው፣ የቀበሌና የወረዳ ምርጫ አብሮ አልነበረም። በ2005 አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች ዛሬ ትዳር የያዙ አሉ። በዚያን ጊዜ ከመረጥናቸው መካከል ስንቱ ዛሬ ወንበሩ ላይ አለ? የሞተ አለ፣ ዓረብ አገር የሄደ አለ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የገባ አለ። በነሱ ቦታ ማን ተተካ፣ በማን ድምፅ ተተካ? በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባል እንዲኖረው ተደርጎ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ዛሬ ጉባኤው ሳይሞላ ካቢኔው ብቻውን ይወስንና እኛ ውሳኔውን ከሰው አፍ እንሰማለን።

ጦርነቱንም አልረሳሁም። በ2014 ወሎ ውስጥ ስንት የመንግሥት ቢሮ ተዘረፈ፣ ስንት መዝገብ ጠፋ። ከዚያም ወዲህ ያለው ጊዜ ሰላም ነው የሚባል አይደለም፣ ሰው ሰብስቦ ማነጋገር ራሱ የሚያስፈራበት ቀን አለ። ይህን እኛም እየኖርንበት ነው። ግን ገንዘብ ለመሰብሰብ ጎጥ ለጎጥ መዞር ከተቻለ፣ ሒሳቡን ለማንበብም በዚያው ጎጥ መቆም ይቻላል። ያኔ የጠፋው መዝገብም ለዘንድሮው መዋጮ ምክንያት አይሆንም።

ሕጉ ከኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ተመራጭም ኃላፊነቱን ካጓደለ ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍበት ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ዝቅተኛው እርከን እንግዲህ የኛ ቀበሌ ነው። መረጃ የማግኘት መብት ያለበት አዋጅ ቁጥር 590 ም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ይህን ሁሉ የምጠቅሰው ለመካሰስ አይደለም። “ይህን የሚጠይቅ ሰው ልማት ያደናቅፋል” የሚለው ንግግር እንዲቆም ነው። መጠየቅ መብት ነው።

ደግሞም ስም ዝርዝርና ሒሳብ በሕዝብ ፊት ማቅረብ ለቀበሌ እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ለተጀመረው ሴፍቲኔት የተመረጡ ሰዎች ስም ለሕዝብ እንዲቀርብ፣ ቅር ያለውም ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት ሥርዓት ተሠርቶለታል። ሥርዓቱ በሠራበት ዓመት ሐሜቱ ይቀንሳል፣ ባልሠራበት ዓመት ባሏ የሞተባት ሴት ቀርታ በሬ ያለው ሰው ገባ የሚል ወሬ አገሩን ይሞላዋል። የጤና መድኑንም እዩ። ጎረቤታችን ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ፈርቶ ነበር፣ ሳይታመሙ መክፈል ምን ማለት ነው ተብሎ። በኋላ ግን ብዙው ገባበት። ለምን? የከፈለ ሰው በእጁ ደብተር ያዘ፣ ልጁ ሲታመም ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄደ። ገንዘቡ የት እንደገባ በዓይኑ አየ። ሰው እንዲህ ሲሆን ሳይለመን ይከፍላል።

ስለ ስብሰባውም ትንሽ ልበል። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ስብሰባ ይጠራል፣ እሑድ ቅዳሴ ሳይወጣ ይጠራል፣ የገበያ ቀን ይጠራል። ከዚያ “ሕዝቡ አልመጣም” ይባላል። የሚመጡትም ሴቶች ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ለመናገር ዕድል ሲደርሳቸው ስብሰባው ሊያልቅ ነው። ውኃ የሚቀዱት ግን እነሱ ናቸው። የቦኖው ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚያፈስ፣ ውኃው በስንት ሰዓት እንደሚቀንስ ከነሱ ይጠየቅ እንጂ!

የተመራጮቹንም ሸክም አያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ደመወዝተኛ ነው፣ አብዛኛው የምክር ቤት አባል ግን ደመወዝ የለውም። የራሱን እርሻ ትቶ ነው ስብሰባ የሚውለው። ወረዳ ሲጠራው በእግሩ ይሄዳል፣ ሁለት ጎረቤት ሲጣላ ሌሊት ይቀሰቀሳል። ከላይ ቁጣ፣ ከታች ሐሜት። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከሐሜት የሚያድነው የተነበበ ሒሳብ ነው። ወረዳውም ቢሆን ቀበሌዎቹን ሲገመግም ስንት ብር ሰበሰባችሁ ብሎ ብቻ ባይጠይቅ ጥሩ ነው። ስንት ጊዜ ለሕዝብ አነበባችሁ ብሎም ይጠይቅ፣ ቃለ ጉባኤውንም አምጡ ይበል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለሚሰበሰብ ገንዘብ ሁሉ ደረሰኝ ይሰጠን፣ ማኅተም ያለበት። የገባውና የወጣው በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በቃል ይነበብ፣ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ደጅ ሰው ሲወጣ ቢነበብ ሁሉም ይሰማዋል። ገንዘቡን የሚቆጣጠሩ ሰዎች ካቢኔ ውስጥ ከሌሉ ነዋሪዎች ይመረጡ፣ ከነሱም ሴቶች ይኑሩበት። የቅሬ ዳኞች ቢጨመሩማ እሰየው፣ ሰው ያምናቸዋል፣ ሒሳብም ያውቃሉ። ምርጫውን በተመለከተ ጊዜው ሲፈቅድ የቀበሌና የወረዳ ምርጫ ይካሄድልን። እሱ እስኪሆን ድረስ ግን ሒሳብ ለማንበብ ምርጫ መጠበቅ አያስፈልግም።

እናንተም ከቻላችሁ አንድ ጋዜጠኛ ላኩና የየወረዳውን ምክር ቤት ጠይቁልን፦ ባለፈው ዓመት በየቀበሌው የተሰበሰበ መዋጮ ሒሳቡ ለሕዝብ የተነበበው በየትኞቹ ቀበሌዎች ነው? የሚያነቡ ቀበሌዎች ካሉም እንዴት እንደሚሠሩ ጻፉልን፣ እኛም እንማርበት።

አሁን አዝመራው ከአውድማ ሊነሣ ነው። በጥር ሰው ፋታ ያገኛል። ስብሰባው ያኔ ይጠራ፣ ከጁምዓም ከቅዳሴም ከገበያም በማይጋጭ ቀን። የምንጩ ሒሳብ መጀመሪያ ይነበብ፣ ሽማግሌው ያነሡት ጥያቄም መልስ ያግኝ። ለጥገናው የተጠየቅነውን እዚያው እንከፍላለን፣ ጎርፉ የወሰደውን መስመርም ከሚቀጥለው ክረምት በፊት አብረን እንቀብረዋለን።

አንድ አንባቢያችሁ
ከደቡብ ወሎ