ልጃችንን አብራችሁን ለፈለጋችሁ ሁሉ

ልጃችን ደህና ነው። ስልኬ ከቅዳሜ ጀምሮ ስላላረፈ መጀመሪያ ይህን ልበል። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄዷል። ጉንጩ ላይ የበቆሎ ቅጠል የጫረው ቀጭን መስመር ቀርቷል፤ እሱም እየጠፋ ነው።

ቅዳሜ በቆሎ ማሳ ውስጥ ጠፍቶብን የሆነውን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት በዝርዝር አልደግመውም። ማውራቱም ገና ያመኛል። እንደ ሁልጊዜው በጥቅምት ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ በአምስት መኪና ሆነን፣ ዱባ ልንመርጥ፣ ልጆቹን በትራክተር ልናዞር፣ ኮርን ሜዙ ውስጥ፣ ማለትም በቆሎ ማሳ ውስጥ ለጨዋታ በተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ልንገባ ነበር የወጣነው። ባለቤቴ መንገድ ላይ ይህ የበቆሎ ጨዋታ በአሜሪካ ዛሬ ባለው መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንቪል በምትባል ከተማ ነው ብሎ ለልጆቹ ያወራ ነበር። ትንሹ ልጄ «ከኛ ቤት ሩቅ ነው?» አለው። ይቺን ጥያቄ ለምን እንደምጽፋት እንጃ። እሱን በፈለግንበት በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ስትመላለስ የነበረችው እሷ ናት።

አባባ፣ ይህ ደብዳቤ ከሁሉ በላይ የእርስዎ ነው። ልጅዎ ያነብልዎታል።

ከቡሬ የልጅ ልጆችዎን ሊያዩ ከመጡ ገና ሁለተኛ ወርዎ ነው። በሩ ላይ «ውስጡ ያደክምዎታል፣ እዚህ ይረፉ» ብዬ የታሰረ ገለባ ላይ ያስቀመጥኩዎት እኔ ነኝ። ያኔ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ይሄ ሁሉ በቆሎ ሰው ከተጫወተበት በኋላ ይሰበሰባል ወይስ ይባክናል?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። የእርሻውን ልጅ ጠየቅሁት፤ በኋላ ታጭዶ ለከብት መኖ እንደሚሆን ነገረኝ። «ተመስገን» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ተረጋግተው የተቀመጡት።

እኛ ስሙን እየጠራን ስንሯሯጥ፣ ከዘራዎን ይዘው ማንንም ሳያስፈቅዱ ገቡ። «ዝም በሉ!» አሉ። እንደዚያ ሲቆጡ ሰምቼዎት አላውቅም። «በቆሎ ውስጥ ሁሉም ከጮኸ ድምፅ ከየት እንደመጣ አይለይም። እናቱ ብቻ ትጥራ፤ ሌላው ያድምጥ።» ለካ የልጄን ድምፅ የዋጠው የእኛው ጩኸት ኖሯል።

ደግሞ አገዳውን አንዴ ዳበስ አድርገው «ይሄ ተጠላልፎ ነው የተዘራ። ልጁ መስመር ተከትሎ ሊወጣ አይችልም። ደክሞት አንድ ቦታ ተቀምጧል» አሉ። በኋላ የእርሻው ሰዎች ነገሩን፤ እውነትም ወደ ቁመቱም ወደ ወርዱም ይዘሩታል፣ መንገዱን የሚያወጡት ቡቃያው ገና አጭር ሳለ ነው። እርስዎ ግን ማንም ሳይነግርዎት ነው ያወቁት።

ከዚያ ተንበረከኩ። በዚያ ጉልበትዎ፣ በዚያ እርጥብ መሬት ላይ። እኛ ሁላችን ከራሳችን በላይ የቆመውን አረንጓዴ ግድግዳ ነበር የምናየው። እርስዎ ግን ታች ያለው ቅጠል ቀድሞ እንደሚደርቅ፣ በአገዳው ሥር ሩቅ እንደሚታይ ያውቃሉ። ልጅ ሳሉ ወንጭፍ ይዘው ማሳ ሲጠብቁ ዝንጀሮውን የሚያገኙት እንዲህ ዝቅ ብለው እንደነበር ማታ ነገሩን። ቀዩን ጫማ ያዩት እርስዎ ነዎት። ስንት ሰው በአጠገቡ አልፎ ነበር! እኔ ራሴ አልፌ ነበር።

ልሮጥ ስል በእጅዎ ከለከሉኝ። «ይደነግጣል» አሉ። ቀስ ብለው ገብተው አጠገቡ ቁጭ አሉ። ከኪስዎ ቆሎ አውጥተው መዳፉ ላይ አደረጉለት። በአማርኛ ስጠራው በእንግሊዝኛ የሚመልስልኝ ልጅ «አባባ» ብሎ አንገትዎ ላይ ተጠመጠመ። አባባ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት ቃል አጣሁ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። አገርዎ በሰላም ይመልስዎ። ደግሞ እንዲህ ቶሎ አይሂዱብን።

የእርሻውን ሰዎች የምትወቅሱ አላችሁ። እባካችሁ ተዉ። በሩ ላይ ካርታ ሰጥተውናል፣ ልጅ ከእጃችሁ አይራቅ ብለውናል። ችግሩን እንደነገርናቸው መውጫውን ዘጉ፣ ትራክተሮቹን አቆሙ። ከበቆሎው በላይ ባለው ድልድይ ላይ ቆማ በባንዲራ አቅጣጫ ስታሳየን የነበረችው ወጣት ከእኔ እኩል አልቅሳለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

የሰንበት ትምህርት ቤት ወላጆች፣ የዕቁባችን እህቶች፣ ቋንቋችንን ሳያውቁ አብረውን የተጣሩ የማናውቃቸው ቤተሰቦች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሌሎቹን ልጆች ሰብስባችሁ የያዛችሁልን፣ ጋቢ ያለበሳችሁኝ፣ እሑድ ምግብ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈለው።

ሳልጠቅሰው የቀረሁት ሰው ብዙ ነው። ያን ዕለት የማን እጅ እንደያዘኝ፣ ማን ውኃ እንዳጠጣኝ አላስታውስም። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ውለታችሁን ረስቼ አይደለም።

አባባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡናውን ይዤ እመጣለሁ። ልጁ ወንጭፍ አሳዩኝ ሊልዎት ተዘጋጅቷል። ማክሰኞ ሱሪውን ሳጥብ ኪሱ ውስጥ ሦስት ፍሬ ቆሎ አገኘሁ። ልጥላት ስል «እማዬ፣ የአባባ ናት!» ብሎ ተቀበለኝ። ትራሱ ሥር አስቀምጧታል።